የጡረታ ደብዳቤው ለየትኛው ፕሬዚዳንት ይጻፋል? የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞችና የተተኪዎቻቸው ፖለቲካ

የዩናይትድ ስቴትስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ሳንድራ ዴይ ኦኮነር እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 2005 ለፕሬዚዳንት ጆርጅ ደብሊው ቡሽ አጭር ደብዳቤ ላኩ። ደብዳቤው ተተኪያቸው ታጭቶ ሹመቱ ሲጸድቅ ከዳኝነት ሥራቸው በጡረታ እንደሚሰናበቱ የሚገልጽ ነበር። በዚያን ጊዜ የሰባ አምስት ዓመት ዕድሜ የነበራቸው ዳኛዋ በፍርድ ቤቱ ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት ዳኛ ሲሆኑ፣ በ1981 የሾሟቸውም የሪፐብሊካን ፓርቲው ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን ነበሩ። ደብዳቤውም የደረሰው ከዚያው ፓርቲ ለወጡ ፕሬዚዳንት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዕለቱ የነበረው ዘገባ በአብዛኛው ያተኮረው ማን ይተካቸዋል በሚለው ላይ ነበር። ይሁንና የዚያ ፍርድ ቤት ወንበር በጡረታ በተለቀቀ ቁጥር ከእጩው ማንነት የማይተናነስ ክብደት ያለው ሌላ ጉዳይ አለ። ይኸውም ተሰናባቹ ዳኛ የሚለቁት መቼና በየትኛው ፕሬዚዳንት ዘመን ነው የሚለው ነው። የተተኪ ምርጫው በዋይት ሀውስና በሴኔቱ የሚካሄድ ቢሆንም፣ የምርጫውን ቀን የሚቆርጠው ማንም ያልመረጠው፣ ማንም የማይጠይቀው አንድ ዳኛ ነው።

የዚህ ምንጭ ራሱ ሕገ መንግሥቱ ነው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ፕሬዚዳንቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞችን በሕግ መወሰኛ ምክር ቤቱ (ሴኔት) ምክርና ስምምነት እንዲሾም ሲደነግግ፣ ዳኞቹ ደግሞ በመልካም ጠባይ እስከቆዩ ድረስ በሥራቸው እንደሚቀጥሉ ይገልጻል። የሥራ ዘመን ገደብም ሆነ የጡረታ ዕድሜ አላስቀመጠም። የዳኞቹ ቁጥር ከ1869 ጀምሮ ዘጠኝ ሆኖ የቆየ ሲሆን፣ ለዳኛው የዕድሜ ልክ ሹመት የተሰጠው ከሿሚው ተጽዕኖ ነፃ እንዲሆን ታስቦ ነው። ዓላማው በእርግጥ በአንድ በኩል ተሳክቷል፤ ሬገንም ሆነ ሌላ ፕሬዚዳንት የሾሙትን ዳኛ መልሰው ማዘዝ አልቻሉም። በሌላ በኩል ግን ዳኛው የራሱን ተተኪ ሿሚ የመምረጥ ያልተጻፈ ሥልጣን አግኝቷል።

የኦኮነር ወንበር የዚህን ሥልጣን ክብደት ከሌሎቹ ሁሉ በበለጠ ያሳያል። ዳኛዋ በብዙ አወዛጋቢ ጉዳዮች አምስት ለአራት በተከፈለው ፍርድ ቤት መካከል ላይ የሚቀመጡ በመሆናቸው፣ የእሳቸው ድምፅ ወደ አንዱ ወገን ሲያዘነብል ውሳኔውም ወደዚያው ያዘነብል ነበር። ፕሬዚዳንት ቡሽ በመጀመሪያ ያጩት ጆን ሮበርትስን ነበር። ይሁንና ዋና ዳኛ ዊሊያም ሬንኲስት ሴፕቴምበር 3 ቀን 2005 በማረፋቸው ሮበርትስ ለዋና ዳኝነት እንዲታጩ ተደርጎ በ78 ድጋፍና በ22 ተቃውሞ ሹመታቸው ጸደቀ። የኦኮነር ወንበር እንደገና ባዶ ቀረ።

ፕሬዚዳንቱ ቀጥለው የዋይት ሀውስ የሕግ አማካሪያቸውን ሃሪየት ማየርስን አጩ። እጩዋ ከአንድ ወር በታች ብቻ ቆይተው ኦክቶበር 27 ራሳቸውን አገለሉ። ይህን ያስከተለው የተቃዋሚው ፓርቲ ዘመቻ ሳይሆን በዋናነት የፕሬዚዳንቱ የራሳቸው ወገን የሆኑ ወግ አጥባቂዎች ቅሬታ መሆኑ ሊተኮርበት ይገባል። ወግ አጥባቂዎቹ ማየርስ በሕገ መንግሥት ጉዳዮች ላይ ያላቸው አቋም በጽሑፍ የማይታወቅ መሆኑን አልወደዱትም። ከዚያ በፊት አቋማቸው ሳይታወቅ ተሹመው በኋላ ከለዘብተኞቹ ጋር ድምፅ የሰጡ ዳኞች ስለነበሩ፣ ሁለተኛ እንዲህ ዓይነት አጋጣሚ እንዳይፈጠር ሠግተው ነበር። ስማቸው በተደጋጋሚ ይነሳ የነበረውም በቡሽ አባት በ1990 የተሾሙት ዴቪድ ሱተር ናቸው።

ስለዚህ በአራት ቀናት ውስጥ ለአሥራ አምስት ዓመታት በይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የሠሩትና አቋማቸው በበርካታ ውሳኔዎች የሚታወቀው ሳሙኤል አሊቶ ታጩ። ዴሞክራቶች ንግግር በማራዘም ድምፅ አሰጣጡን ለማዘግየት ያደረጉት ሙከራ በ72 ለ25 ድምፅ የከሸፈ ሲሆን፣ ሹመቱ ጃንዋሪ 31 ቀን 2006 በ58 ለ42 ጸደቀ። ኦኮነርም እስከዚያች ቀን ድረስ በችሎት ቆይተው ተሰናበቱ።

የአንድ ወንበር መለዋወጥ በሕግ ላይ የሚያስከትለውን ለማየት ሦስት ጉዳዮችን ብቻ ማንሳት ይበቃል። በ2000 ፍርድ ቤቱ አንድ የውርጃ ዘዴ የከለከለውን የኔብራስካ ክፍለ ግዛት ሕግ ኦኮነር በተካተቱበት አምስት ለአራት ድምፅ ሽሮት ነበር። ኮንግረሱ ያወጣው ተመሳሳይ የፌዴራል ሕግ በ2007 ሲቀርብ አሊቶ በተካተቱበት አምስት ለአራት ድምፅ ጸና። በ2003 ፍርድ ቤቱ ለምርጫ ዘመቻ የሚወጣን ገንዘብ የሚገድበውን ሕግ ዋና ዋና ክፍሎች ሲያጸድቅ ኦኮነር ከውሳኔው ጸሐፊዎች አንዷ ነበሩ። በ2010 ደግሞ ኩባንያዎች ለምርጫ ቅስቀሳ በራሳቸው የሚያወጡት ገንዘብ እንዳይገደብ ሲወሰን የቀድሞው ውሳኔ በከፊል ተሻረ፤ ድምፁም እንደገና አምስት ለአራት ነበር። ሦስተኛው፣ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ ሲቀበሉ ዘርን እንደ አንድ መመዘኛ እንዲወስዱ የፈቀደውና ኦኮነር ራሳቸው በ2003 የጻፉት ውሳኔ ነው። ዳኛዋ አሠራሩ ከሃያ አምስት ዓመታት በኋላ አስፈላጊ እንደማይሆን ተስፋ ማድረጋቸውን በውሳኔው ገልጸው ነበር። ፍርድ ቤቱ ግን ሃያ ዓመት ሲሞላው፣ በጁን 2023 አሠራሩን አስቀረው። ኦኮነር ያረፉት በዚያው ዓመት ዲሴምበር 1 ቀን፣ በዘጠና ሦስት ዓመታቸው ነው።

በእነዚህ ጉዳዮች የሕገ መንግሥቱ ቃል አልተለወጠም። የተለወጠው በወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ነው። ኦኮነር በወቅቱ ለመልቀቅ የወሰኑት በአልዛይመር ሕመም የተያዙትን ባለቤታቸውን ለመንከባከብ እንደነበር በሰፊው የሚታወቅ በመሆኑ፣ ጡረታቸውን እንደ ፖለቲካዊ እርምጃ መቁጠር አይቻልም። ሆኖም የውሳኔው መነሻ የቤተሰብ ጉዳይ ሆኖ ውጤቱ አገራዊ መሆኑ የአሠራሩን ባሕርይ ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል።

በጡረታ መውጫ ጊዜ ላይ ሲወሰን ፓርቲ ሁልጊዜ ይታያል ማለትም አይደለም። ሱተር በ2009፣ ጆን ፖል ስቲቨንስ በ2010 ጡረታ ሲወጡ ሁለቱም በሪፐብሊካን ፕሬዚዳንቶች የተሾሙ ነበሩ፤ ደብዳቤያቸውን ያቀረቡት ግን ለዴሞክራቱ ባራክ ኦባማ ነው። በቦታቸው የተተኩት ሶንያ ሶቶማየርና ኤሌና ኬገን ናቸው። ይህ በመጀመሪያ እይታ ከፓርቲ በላይ የመሆን ምልክት ሊመስል ይችላል። በቅርበት ሲታይ ግን ሁለቱ ዳኞች በፍርዳቸው ወደ ለዘብተኞቹ ወገን ያዘነበሉ ስለነበሩ፣ የመረጡት ተተኪ ሿሚ ከሾማቸው ፓርቲ ጋር ባይሆንም ከፍርድ አስተሳሰባቸው ጋር ይስማማል።

የዳኛ አንቶኒ ኬኔዲ አወጣጥ ከዚህ ይለያል። እሳቸው የተቀመጡበት ወንበር ራሱ የረዥም ፍትጊያ ታሪክ አለው። በ1987 ዳኛ ሉዊስ ፓወል ጡረታ ሲወጡ በመጀመሪያ የታጩት ሮበርት ቦርክ በሴኔቱ በ58 ተቃውሞና በ42 ድጋፍ ወድቀዋል። ብዙ ታዛቢዎች የዳኞች ሹመት እንደ ምርጫ ዘመቻ መካሄድ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው ይላሉ። ከአንድ ዓመት በፊት ብቻ አንቶኒን ስካሊያ 98 ለ0 በሆነ ድምፅ መሹማቸው ሲታይ አባባሉ መሠረት አለው። ቦርክ ከወደቁ በኋላ፣ ከሌላ አንድ እጩ መሰናበትም ቀጥሎ፣ ኬኔዲ በፌብሩዋሪ 1988 በ97 ለ0 ተሾሙ። ከሠላሳ ዓመታት በኋላ ጁን 27 ቀን 2018 ጡረታቸውን ሲያሳውቁ ፕሬዚዳንቱ ዶናልድ ትራምፕ፣ የሴኔቱ አብላጫም ሪፐብሊካን ነበር። በቦታቸው የተተኩት በአንድ ወቅት በሥራቸው በረዳትነት ያገለገሉት ብሬት ካቫኖ ሲሆኑ፣ እሳቸውም የጸደቁት 50 ለ48 በሆነ ጠባብ ድምፅ ነው።

በመካከሉ የሴኔቱ ደንብም ተለውጧል። ስካሊያ በፌብሩዋሪ 2016 በድንገት ሲያርፉ ፕሬዚዳንት ኦባማ ሜሪክ ጋርላንድን ቢያጩም፣ የሪፐብሊካን አብላጫ የነበረው ሴኔት የምርጫ ዓመት ነው በሚል ምክንያት እጩውን ለማነጋገር እንኳ ሳይፈቅድ ዓመቱ አለቀ። በኤፕሪል 2017 ኒል ጎርሰች ሲቀርቡ ደግሞ ክርክርን ለመዝጋት ስድሳ ድምፅ ያስፈልግ የነበረው ለጠቅላይ ፍርድ ቤት እጩዎች በተራ አብላጫ እንዲሆን ተደረገ። ዴሞክራቶቹም ቀደም ሲል በ2013 ለበታች ፍርድ ቤቶች ሹመት ተመሳሳይ ለውጥ አድርገው ስለነበር፣ አንዱ ወገን ሌላውን ለመውቀስ የሚያስችል ንጹሕ እጅ አልነበረውም። ከዚያ በኋላ ለፕሬዚዳንቱ ፓርቲ አምሳ ድምፅና የምክትል ፕሬዚዳንቱ ድምፅ ብቻ በቂ ሆነ። ከተቃዋሚው ወገን ድጋፍ ማግኘት ግዴታ ሳይሆን ጌጥ ሆነ። በዚህም ምክንያት በሁለቱ ወገኖች ዘንድ ተቀባይነት ያለው መካከለኛ እጩ ለመፈለግ የሚያስገድድ ነገር ጠፋ፤ ጥያቄው ሁሉ ወደ አንድ ነጥብ ተሰበሰበ፤ ወንበሩ በሚለቀቅበት ቀን ዋይት ሀውስና ሴኔቱ በአንድ ፓርቲ እጅ ናቸው ወይስ አይደሉም?

የዳኛ ሩት ቤደር ጊንስበርግና የዳኛ ስቲቨን ብሬየር የተለያየ ምርጫ የሚነበበው ከዚህ ነጥብ አንጻር ነው። ጊንስበርግ ሁለት ጊዜ በካንሰር ተይዘው ታክመው የነበረ ሲሆን፣ በ2013ና በ2014 ዴሞክራቶች ሴኔቱን በያዙበት ወቅት ጡረታ እንዲወጡ የሕግ ምሁራን ሳይቀሩ በይፋ ጠይቀው ነበር። ዳኛዋ ሥራቸውን በሙሉ አቅም መሥራት እስከቻሉ ድረስ እንደሚቆዩ በመግለጽ ጥያቄውን አልተቀበሉም። ሴፕቴምበር 18 ቀን 2020 በሰማንያ ሰባት ዓመታቸው አረፉ። ፕሬዚዳንት ትራምፕ በስምንት ቀናት ውስጥ ኤሚ ኮኒ ባሬትን አጩ፤ ሴኔቱም ኦክቶበር 26 በ52 ለ48 አጸደቀ። ፕሬዚዳንታዊ ምርጫው ሊካሄድ የቀረው ስምንት ቀን ብቻ ነበር። ከአራት ዓመታት በፊት የምርጫ ዓመት ነው ያለው ሴኔት የራሱን መከራከሪያ በዚህ ጊዜ አላስታወሰውም።

ከጊንስበርግ በፊትም ጊዜው ያልገጠመለት ዳኛ ነበር። የፍርድ ቤቱ የመጀመሪያ ጥቁር ዳኛ የሆኑት ተርጉድ ማርሻል በ1991 በጤና መታወክ ምክንያት ጡረታ ሲወጡ፣ ሪፐብሊካኑ ፕሬዚዳንት ቡሽ አባትየው በአቋማቸው ፍጹም ተቃራኒ የሆኑትን ክላረንስ ቶማስን ሾሙ። ማርሻል ያረፉት ጃንዋሪ 24 ቀን 1993 ሲሆን፣ ዴሞክራቱ ቢል ክሊንተን ቃለ መሐላ ከፈጸሙ ገና አራተኛ ቀናቸው ነበር።

ብሬየር ይህን ሁሉ ያዩ ዳኛ ናቸው። በ2021 ባደረጉት ንግግርና ባሳተሙት መጽሐፍ ሕዝቡ ዳኞችን እንደ ፖለቲከኛ ማየቱ ለፍርድ ቤቱ ተአማኒነት አደገኛ መሆኑን አጥብቀው ተከራክረዋል። በዚያው ዓመት ግን ጡረታ እንዲወጡ የሚጠይቅ ጽሑፍ የያዘ መኪና በዋሺንግተን ጎዳናዎች ሲዘዋወር ታይቷል። ጃንዋሪ 27 ቀን 2022፣ በሰማንያ ሦስት ዓመታቸው፣ የፍርድ ቤቱ የሥራ ዘመን ሲያበቃ እንደሚሰናበቱ ለፕሬዚዳንት ጆ ባይደን አሳወቁ። ሴኔቱ በወቅቱ ሃምሳ ለሃምሳ የተከፈለ በመሆኑ የአንድ ሴናተር መታመም እንኳ ስሌቱን ሊያናጋው ይችል ነበር፤ ደግሞም በዚያው ሰሞን አንድ ዴሞክራት ሴናተር በስትሮክ ሆስፒታል ገብተው ለሳምንታት ከምክር ቤቱ ርቀዋል።

ባይደን በ2020 የምርጫ ዘመቻ ወቅት ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጥቁር ሴት ዳኛ እንደሚያጩ ቃል ገብተው ስለነበር ፌብሩዋሪ 25 ቀን ኬታንጂ ብራውን ጃክሰንን አጩ። ጃክሰን ቀደም ሲል ለብሬየር በረዳትነት የሠሩ ከመሆናቸውም በላይ በተከላካይ ጠበቃነት ማገልገላቸው በፍርድ ቤቱ ዳኞች ዘንድ ያልተለመደ ልምድ ነበር። ኤፕሪል 7 በ53 ለ47 ድምፅ ሲጸድቁ ሦስት ሪፐብሊካን ሴናተሮች ደግፈዋቸዋል። ከእጩነት እስከ መጽደቅ የፈጀው ስድስት ሳምንት ያህል ብቻ ነበር።

የሁለቱ ዳኞች ውሳኔ ውጤት የታየው በዚያው ክረምት ነው። ጁን 24 ቀን 2022 ፍርድ ቤቱ የውርጃ መብትን በመላ አገሪቱ ያረጋገጠውን የ1973 ውሳኔ ሻረ። ውሳኔውን የጻፉት የኦኮነር ተተኪ አሊቶ ሲሆኑ፣ ካቫኖ፣ ባሬት፣ ቶማስና ጎርሰች ተስማምተውበታል። ዋና ዳኛ ሮበርትስ በቀረበው ጉዳይ ውጤት ቢስማሙም የቀድሞውን ውሳኔ እስከመሻር አልሄዱም። ስለዚህ ለመሻር የተገኘው ድምፅ አምስት ብቻ ነበር። ከአምስቱ ወንበሮች የአሊቶና የካቫኖ ወንበሮች የኦኮነርና የኬኔዲ ነበሩ፤ ሁለቱም በ1992 ያንኑ መብት ካጸኑት ዳኞች መካከል ናቸው። የባሬት ወንበር የጊንስበርግ፣ የቶማስ ወንበር የማርሻል ነበር። ከአምስቱ አንዱ ወንበር ብቻ በሌላ ሰው ቢያዝ ኖሮ ውሳኔው ሌላ ይሆን ነበር ማለት ግምት ሳይሆን የድምፅ ቆጠራ ነው። በሌላ በኩል የ1973ቱን ውሳኔ የጻፉት ሃሪ ብላክመን በ1994 ጡረታ ወጥተው በብሬየር የተተኩ ሲሆን፣ ብሬየርም በጋራ የልዩነት ሐሳብ ከጻፉ ከስድስት ቀናት በኋላ ወንበሩን ለጃክሰን አስረክበዋል።

ጉዳዩ የአሜሪካኖች የቤት ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። የዚያ ፍርድ ቤት የድምፅ ክፍፍል በአፍሪካ ቀንድ ዜጎችና በዚያ በሚኖሩ ቤተሰቦቻቸው ላይ በቀጥታ የደረሰበት ጊዜ አለ። ኬኔዲ ጡረታቸውን ከማሳወቃቸው በፊት በነበረው ቀን፣ ጁን 26 ቀን 2018፣ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንቱ የአንዳንድ አገሮች ዜጎች እንዳይገቡ የመከልከል ሥልጣን እንዳለው አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ አጽንቷል። በወቅቱ ሶማሊያ ከተዘረዘሩት አገሮች አንዷ ስትሆን፣ በ2020 መጀመሪያ ኤርትራና ሱዳን በተለያየ ደረጃ ተጨምረዋል። ክልከላው በጃንዋሪ 2021 ቢነሣም የሕግ ትርጉሙ ስለጸና በ2025 በርካታ አገሮችን ያካተተ ሌላ ክልከላ ሲወጣ ፕሬዚዳንቱ የቆሙት በዚያው መሠረት ላይ ነው።

አሠራሩን ለማሻሻል የቀረቡ ሐሳቦች አሉ። ከእነዚህ ይበልጥ የሚታወቀው እያንዳንዱ ዳኛ ለአሥራ ስምንት ዓመታት እንዲያገለግልና በየሁለት ዓመቱ አንድ ወንበር እንዲለቀቅ የሚያደርገው ነው። ይህ ቢሆን እያንዳንዱ ፕሬዚዳንት በአንድ የሥራ ዘመን ሁለት ዳኞች ይሾማል፤ የዳኛው ጤናና ፈቃድም ከስሌቱ ይወጣል። ፕሬዚዳንት ባይደን ያቋቋሙት ኮሚሽን በ2021 ሐሳቡን መርምሮ ምክረ ሐሳብ ሳይሰጥ የቀረ ሲሆን፣ ባይደን ራሳቸው በጁላይ 2024 ሥልጣን ሊለቁ ስድስት ወር ያህል ሲቀራቸው ደግፈውታል። ሐሳቡን ተግባራዊ ለማድረግ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ያስፈልጋል የሚሉት የሕግ ባለሙያዎች ብዙ ናቸው፤ ማሻሻያው ደግሞ የሦስት አራተኛ ክፍለ ግዛቶችን ስምምነት ይጠይቃል። ከተጠቃሚው ወገን የሚጠበቅ ስምምነት አይደለም።

የተወሰነ የሥራ ዘመን መኖሩም ብቻውን ፍትጊያን እንደማያስቀር ጀርመን ታሳያለች። የፌዴራል ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቷ ዳኞች የሚያገለግሉት ለአሥራ ሁለት ዓመታት ብቻ ነው፤ ዕድሜያቸውም ከስድሳ ስምንት ማለፍ የለበትም፤ ለመመረጥ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። በዚህ ምክንያት ፓርቲዎቹ አስቀድመው ይደራደራሉ፤ ለዓመታትም ያለ ብዙ ግርግር ቆይተዋል። በጁላይ 2025 ግን ከጥምር መንግሥቱ አንዱ ወገን በሌላው እጩ ላይ ያነሣው ተቃውሞ በቡንደስታጉ ሊካሄድ የነበረውን ድምፅ አሰጣጥ በመጨረሻው ሰዓት አስቀርቶታል። እጩዋ በቀጣዩ ወር ራሳቸውን አግልለው ሌላ ሰው ቀርቧል። ልዩነቱ እዚያ የተጋጩት ወገኖች በእጩው ላይ መደራደር የሚያስገድዳቸው ደንብ ስላለ ወደ ጠረጴዛው መመለሳቸው ነው።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ከአሜሪካው የተለየ መንገድ የተከተለው በሁለት በኩል ነው። በአንቀጽ 79 ንዑስ አንቀጽ 4 ዳኛ በሕግ ከተወሰነው የጡረታ ዕድሜ በፊት፣ በንዑስ አንቀጹ ከተዘረዘሩት ምክንያቶች ውጭ፣ ከፈቃዱ ውጭ እንደማይነሣ ሲደነግግ፣ ንዑስ አንቀጽ 5 ደግሞ የጡረታ መውጫ ጊዜው እንደማይራዘም ያክላል። አንደኛው ድንጋጌ ሿሚው ዳኛውን ቀድሞ እንዳያሰናብተው፣ ሁለተኛው ዳኛው ወይም ሿሚው ጊዜውን እንዳይገፋው የሚያግድ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የመጀመሪያው ብቻ ቢሆንም የአሜሪካው ልምድ የሁለተኛውን ዋጋ ያሳያል። ሕገ መንግሥትን የመተርጎም ሥልጣንም ለፌዴሬሽን ምክር ቤት የተሰጠ በመሆኑ፣ በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የአንድ ዳኛ መለወጥ በዋሺንግተን የሚያስከትለውን ዓይነት ውጤት አያስከትልም። የሚቀረው የእጩ አመራረጡ ነው። በአንቀጽ 81 መሠረት የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትና ምክትል ፕሬዚዳንት በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሲሾሙ፣ ሌሎቹን የፌዴራል ዳኞች ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለምክር ቤቱ የሚያቀርቡት የፌዴራል የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ካቀረባቸው እጩዎች መካከል ነው። በጡረታ የሚለቀቀው ወንበር ቀኑ ከዓመታት በፊት የሚታወቅ በመሆኑ ጉባኤው እጩ መፈለግ የሚጀምርበትን ጊዜ የሚወስነው የዳኛው ደብዳቤ ሳይሆን በግል ማኅደሩ የተመዘገበው የትውልድ ዘመን ነው።